ሲም የሌለው ስልክ

ጥቅምት 12

ውድ የእህቴ ልጅ፣ ሚጡ፤

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና ያግኝሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽም ደህና ናት፤ ትናንት መጥታ ስቱዲዮዬን ሳልጠይቃት ጠርጋ፣ ጠመም ያለውን ሁሉ አቃንታ፣ የፊልም ማጠቢያ ሳህኔን የት እንዳስቀመጠችው ረስታ ሄዳለች። እስካሁን እየፈለግሁት ነው።

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ፊደል የለቀመበት ማተሚያ ቤት አሮጌውን አዳራሽ ሊለቅ ነው። መጋቢት ሲያልቅ ማሽኖቹ ይነሣሉ፤ አዳራሹም ይፈርሳል። ባለፈው ሳምንት ከሠራተኞቹ የተወሰኑት ተሰብስበው መጡ። ሰባት ናቸው፤ ስቱዲዮዬ የሚይዘው አራት ሰው ስለሆነ ሦስቱ ደጅ ቆመው በመስኮት አወሩኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ያነሣኋቸውን ፎቶ ታስታውሺዋለሽ፤ እናንተ ሳሎን የተሰቀለውን። አባትሽ ከግራ ሦስተኛ፣ ክንዱን አጣጥፎ፤ ከጀርባው ትልቁ ማሽን። ዳር ላይ የቆመው ወረቀት ቆራጭ በዚያች ቅጽበት ራሱን አዙሮ ፊቱ ጭስ ሆኖ ወጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ «ጉም» ሆኖ ቀረ። ሚስቱ ሳትቀር ጉም ነው የምትለው። አሁን እንግዲህ ያንኑ ፎቶ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ካሜራ አንሣን ብለው ነው የመጡት። በየስልካቸው ሺህ ጊዜ ተነሣስተዋል፤ እሱን ከፎቶ አይቆጥሩትም።

ትልቁ ካሜራ ደህና ነው። ለእሱ የሚሆን ፊልም ግን አራት ሉህ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሌላ አይገኝም። አዳራሹ ደግሞ ጨለማ ነው። አራት ጊዜ መሞከር እችላለሁ፤ አምስተኛ የለም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የብርሃን መለኪያዬ መርፌው ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ብሏል። እዚያ ከተገኘ አንድ ላኪልኝ። አሮጌም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ቁጥሩ ግን ተለቅ ያለ ይሁን።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክልሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 9

ውድ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መጋረጃ ስፌት ቤታችን ሥራ በዝቶበት መልሴ ዘገየ፤ አለቃችን፣ «እትዬ መቀስ» የምንላት፣ ለአንድ ትልቅ ሆቴል የሁለት መቶ መስኮት መጋረጃ ተቀብላ ቀና ብለን እንኳ እንዳንተያይ አድርጋናለች።

መለኪያውን ፈለግሁ። ሦስት ሱቅ ጠይቄ ሁለቱ ሳቁብኝ። ሦስተኛው፣ ፊልም የሚያጥብ ጸጥ ያለ ሰው፣ «ለምን ስልክ አትልኪላቸውም?» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስልክ ላይ ብርሃን የሚለካ አፕ ይጫናል። ስልኩ በካሜራው ዓይን ያያል፤ ከዚያ «የሌንሱ ቀዳዳ ይህን ያህል፣ ጊዜው ይህን ያህል ይሁን» ይላል። ከውድ መለኪያ እምብዛም አይለይም አለኝ። የእኔ የድሮ ስልክ ከነበረበት ወጥቶ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ጥጉ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ አይዞዎት፣ አይቆርጥም።

ሲከፍቱት አንድ ቢጫ ምልክት ብቻ ነው ያለው፤ ሌላውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ። ፊልሙ ብርሃን የሚቀበልበትን ፍጥነት መቶ ላይ አድርጌዋለሁ። እርስዎ ቀዳዳውን ይመርጣሉ፣ እሱ ጊዜውን ይነግርዎታል። ቁጥሩን የመጨረሻ ትልቅ አድርጌዋለሁ፤ ከመንገድ ማዶ ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ገረመኝ። እኔ ሳውቀው ያ መለኪያ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። «ዓይኔ እያለ መርፌ ምን ይሠራልኛል» ይሉ ነበር። ደንበኛው ኮቱን አስተካክሎ ሳይጨርስ ብርሃኑን ለክተው የጨረሱ ሰው ነዎት። ምን ተገኘ?

ስልኩን ከእኛ ጋር የምትሠራ ልጅ ይዛልዎት ትመጣለች። እማዬን ሳሙልኝ።

ሚጡ


ታኅሣሥ 20

ውድ ሚጡ፤

በሄድሽበት ሁሉ መንገዱ ይቃናልሽ። ስልኩ በደህና ደርሶኛል። ሲም አላስገባሁበትም፤ መለኪያ ነው እንጂ ስልክ አይደለም። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ግን መከራዬን አሳየኝ።

«ስልክ ገዛህ አሉ፤ ቁጥርህን ስጠኝ እንጂ!»

«ቁጥር የለውም።»

«ታዲያ ማን ይደውልልሃል?»

«ብርሃን» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ ባለፈ ቁጥር «ብርሃን ደወለች?» ይለኛል።

መጀመሪያ በትንሹ ካሜራ ልሞክረው ብዬ እናትሽን ስቱዲዮው ውስጥ አስቀመጥኳት። ካሜራው መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ፣ እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ። እንደ ደንቡ መለኪያውን ወስጄ አገጯ ሥር ይዤ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዞርኩት። እናትሽ «ምን ልትሆን ነው፣ ልትላጨኝ ነው?» አለች። ሳቋ እስኪበርድ ጠብቄ አሥራ ሁለት ጊዜ አነሣኋት።

ፊልሙን ሳጥበው ባዶ መስታወት መሰለ። ብርሃን ጨርሶ አልበቃውም። ከአርባ ዓመት ወዲህ እንዲህ ያለ ፊልም ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ስልክሽ ይዋሻል። አንዱን ቁራጭ በዚህ ፖስታ ውስጥ ጨምሬልሻለሁ፤ ለዚያ ጸጥ ላለው ሰውሽ አሳዪውና ምን እንደሚል ጻፊልኝ። በዚህ መለኪያ አራቱን ሉህ አላቃጥልም።

እግረ መንገድሽን አንድ ማጉያ መነጽር ብታገኚ ደግሞ ላኪልኝ። የካሜራው ጀርባ ላይ ምስሉን ጥርት ለማድረግ ነው። ያለኝ ተጭሯል።

አጎትሽ


ጥር 15

ውድ ጋሼ፤

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ኔጋቲቩን ለሰውዬው አሳየሁት። ወደ መብራት አንሥቶ አየውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ስልኩን እንዴት ነው የያዙት?» እርስዎ የጻፉትን አነበብኩለት። ፈገግ አለ። «ትልቅ ባለሙያ ናቸው ማለት ነው» አለ። «ጀማሪ ይህን ስሕተት አይሳሳተውም።»

የድሮው መለኪያዎ ነጭ ጉልላት አለው፤ ፊት ላይ የሚወርደውን ብርሃን ይቀበላል። ስለዚህ በሚነሣው ሰው አገጭ ሥር ይዞ ወደ ካሜራው ማዞር ትክክል ነው። ስልኩ ግን የሚለካው ፊት ለፊቱ ያለውን ነው። በእማዬ አገጭ ሥር ሆኖ ወደ ካሜራው ሲዞር ካሜራውንና ከጀርባው ያለውን መስኮት አየ። የመስኮቱን ብርሃን በትክክል ለክቶ ነገረዎት። አልዋሸም ጋሼ፤ ስለ እማዬ አልተጠየቀም እንጂ።

መላው ቀላል ነው ይላል። ሰዎቹ በሚቆሙበት ቦታ መዳፍዎን ወደ ካሜራው ዘርግተው ስልኩን ወደ መዳፍዎ ያዙሩት፤ ጥላው እንዳያርፍበት ብቻ ይጠንቀቁ። መዳፍ ትንሽ ነጣ ስለሚል ከሚለው ጊዜ እጥፍ ይስጡት።

ኔጋቲቩን እኔም አየሁት። ቀጭን ቢሆንም ምስል አለው። የስቱዲዮው መጋረጃ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሥራዬ ነውና የጠርዙን ስፌት ሳይቀር ቆጠርኩት። እማዬ የተቀመጠችው ከመጋረጃው ፊት ነው፤ ፊቷ ግን ደብዝዟል።

ማጉያ መነጽር አልላክሁም። በምትኩ ለአዳራሹ የሚሆን ሌላ ነገር ሠርቼልዎታለሁ። ዐሥር ሜትር የመጋረጃ ሪባን ነው። በየሜትሩ የኮት ቁልፍ፣ በየግማሽ ሜትሩ የሸሚዝ ቁልፍ ሰፍቼበታለሁ። ጫፉን ካሜራው ላይ አስረው ወደ ሰዎቹ ሲስቡት ርቀቱን በጣት መቁጠር ይቻላል። አዳራሹ ጨለማ ነው ስላሉኝ ነው፤ ጨለማ ውስጥ የሜትር ቁጥር ለማንም አይታይም።

ሚጡ


የካቲት 10

ሚጡ ልጄ፤

ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ሪባኑ ደረሰ። ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቴ ሄድኩበት። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ትንሽ። ሰዓት ሠሪው ገብቶ «ምንድነው፣ የዝሆን መቀነት ነው?» አለኝ። እኔ ቁልፎቹን መቁጠሬን ቀጠልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደንግጦ ወጣ።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር፤ እናትሽ እንኳ አታውቅም። አንቺ ከአንድ ቁራጭ ኔጋቲቭ ላይ አነበብሽው። ፊደሌም ወፍሮ ሊሆን ይችላል፤ እኔ እንደ ድሮው የጻፍኩ ይመስለኛል።

የዓይን ሞራ ነው። የቀኙ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። በግራው የማየው ዘይት በነካው ወረቀት ውስጥ አሳልፎ እንደማየት ነው። የስልክሽን ቁጥር አፍንጫዬ ሥር ሳስጠጋው አነበዋለሁ። ካሜራው ጀርባ ላይ ያለው ምስል ግን ለእኔ ነጭ ጭጋግ ነው። ሐኪሙ «ይሠራል፣ ብዙ ሰው ያየበታል» ብሎኛል። የሰዓት ሠሪው ወንድም ግን ተሠርቶለት አላየበትም። ከተሠራም በኋላ ለሳምንታት አትጎንበስ፣ ዕቃ አታንሣ ይባላል። ካሜራው ከነማቆሚያው ዐሥራ አራት ኪሎ ነው። አዳራሹ አይጠብቀኝም።

ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶው፣ ከዚያ ዓይኔ። ምናልባት ዓይኔ እንቢ ቢል የመጨረሻ ሥራዬ ያ ይሆናል፤ እሱን ተነጥቄ አልጋ ላይ መተኛት አልፈልግም። እናትሽ ከሰማች በማግስቱ ክንዴን ይዛ ሆስፒታል ታደርሰኛለች። ታውቂያታለሽ። እባክሽ አትንገሪያት።

አጎትሽ


የካቲት 29

ውድ ጋሼ፤

ጉልበትዎን ያጽናልኝ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሦስት ቀን ተቀየምኩ፤ በአራተኛው ተወኝ። እማዬ ባለፈው እሑድ ደውላ «ወንድሜ ይጽፍልሻል? ደህና ነው?» አለችኝ። «ደህና ናቸው» አልኳት። በሕይወቴ እማዬን የዋሸሁት ሁለቴ ነው፤ አንዱ አሁን በእርስዎ ምክንያት ነው።

ዝም እላለሁ፤ ግን በነጻ አይደለም። ከፎቶው በፊት ሄደው የሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። ቀኑን ይጻፉልኝ። ፎቶው በተነሣ ዕለት፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ለእማዬ ራስዎ ይነግሯታል። እርስዎ ካልነገሯት እኔ እደውላለሁ፤ እኔ ሲም አለኝ።

ሚጡ


መጋቢት 27

ውድ ሚጡ፤

ፈጣሪ ሐሳብሽን ይሙላልሽ። ዓይኔ የሚሠራበት ቀጠሮ ሚያዝያ 9 ነው። ለእናትሽም ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ ሰደበችኝ፣ ቀጥላ አለቀሰች፣ ከዚያ ስቱዲዮውን ጠረገች።

የዕለቱን ነገር ልንገርሽ። ሠላሳ አንድ ሰው ቆመ። ጠራዥዋ፣ ድሮ ከአባትሽ ጎን የነበረችው ቀጭን ልጅ፣ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች፤ ሁሉንም እንደ መጽሐፍ ገጽ በተራ በተራ ያሰለፈቻቸው እሷ ናት። ሪባኑን ከካሜራው አስሬ ለእሷ ሰጠኋት። አባትሽ በቆመበት ቦታ ቆማ ወጠረችው፤ እኔ በጣቴ እየቆጠርኩ ሄድኩ። ስድስት ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። የሌንሱን የርቀት ቀለበት ቤት ውስጥ በሞረድ ጭሬ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ስድስት ተኩል ላይ በጥፍሬ አቆምኩት። ካሜራው ጀርባ ያለውን መስታወት አላየሁትም። ሰው እንዳይጠረጥር ብቻ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቤ ትንሽ ቆየሁ።

ከዚያ መዳፌን ዘረጋሁ። ጉም ጮኸ፦ «ጋሼ፣ መዳፍ ማንበብ ጀመሩ እንዴ? የኔንም ይዩልኝ!»

«አንተ ዘንድሮም ከተንቀሳቀስክ ትሞታለህ ይላል» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ስልኩ አንድ ሰከንድ አለ። ለመዳፉ እጥፉን፣ ሁለት። ግን ስልክሽ የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ፊልም ጨለማ ላይ ይሰንፋል፣ ጊዜው ሲረዝም ተጨማሪ ይለምናል። እሱን ከአርባ ዓመት ሥራ ነው የማውቀው። አራት ሰጠሁት። «አራት እስክቆጥር ማንም እንዳይተነፍስ!» አልኩ። አራቱንም ሉህ አነሣሁ። በመጀመሪያው አንዱ አስነጠሰ፤ በሁለተኛው ደጅ መኪና ጡሩምባ ነፋና ግማሹ ዞረ። ሦስተኛውና አራተኛው ጸጥታ ነበሩ።

ያጠብኩት ራሴ ነኝ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ከማንም እኩል ነኝ ሚጡ፤ እዚያ ዓይን ያለውም የሌለውም በእጁ ነው የሚሠራው። የሉሆቹን ጠርዝ በምላጭ ጭሬ ለየኋቸው፤ አንድ ጭረት፣ ሁለት ጭረት፣ እንዲያ እያለ እስከ አራት። ከየአንዳንዱ አንድ ቅጂ አትሜ ልኬልሻለሁ።

ኔጋቲቮቹን ሣጥን ውስጥ ዘግቻለሁ፤ ለማንም አላሳየሁም። ሠራተኞቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል። አንቺ እዪና ያየሽውን ጻፊልኝ። ሣጥኑን ልክፈትላቸው ወይስ ይቅርታ ልጠይቃቸው? አታሳምሪልኝ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 21

ውድ ጋሼ፤

እማዬ፣ ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ የዓይናቸውን ፋሻም እንዳይነኩ እጃቸውን ያዢልኝ።

እንግዲህ ያየሁትን ልንገርዎ። ባለ አንድ ጭረቱ ላይ ያስነጠሰው ሰው ራስ የለውም። ባለ ሁለት ጭረቱ ላይ ግማሹ ሰው በሩን ያያል። ባለ አራቱ ላይ ደመና አልፎ ይመስለኛል፣ ጨለም ብሏል።

ባለ ሦስቱ ግን ነው። ጋሼ፣ ጥርት ብሏል። ስፌት የምቆጥርበትን መነጽር አድርጌ አየሁት። የማሽኑ ብሎኖች ይቆጠራሉ። የጠራዥዋ ሻርፕ ላይ ያለው ጥልፍ ይታየኛል፤ ሰንሰለት ስፌት ነው። የመስኮቱ ብርሃን ፊታቸው ላይ ልክ እንደ ድሮው ፎቶ ከግራ ለስለስ ብሎ ነው የወረደው፤ የማንም ዓይን ጥቁር ጉድጓድ አልሆነም። ጠራዥዋ አባዬ በነበረበት ቦታ፣ እንደሱ ክንዷን አጣጥፋ ቆማለች። እርስዎ ነዎት ያሏት ወይስ ራሷ ናት?

ጉም ዳር ላይ ቆሟል። እንደ ሐውልት ነው የቆመው። ደረቱን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ከሁሉም ይልቅ ጥርት ብሎ የወጣው እሱ ነው። አጠገቡ ያሉት ሦስት ሴቶች ግን እሱን አይተው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ፊታቸው ጭስ ሆኗል። ዘንድሮ ጉሙ እነሱ ናቸው።

ሣጥኑን ይክፈቱላቸው።

ሚጡ


ሰኔ 4

ውድ ሚጡ፤

ፊደሌ እንዳነሰ አይተሻል። የቀኙ ዓይን ተከፍቷል። የመጀመሪያውን ቀን ሁሉም ነገር ሰማያዊ መሰለኝ፤ ለካ ሰማያዊ ይህን ያህል ሰማያዊ ነበር። ሰዓት ሠሪው ገብቶ «እንዴት ነው፣ እያየኸኝ ነው?» አለኝ። «አርጅተሃል» አልኩት። የግራውን በመስከረም ይሠሩልኛል።

ሠራተኞቹን ጥቂት አስጠበቅኳቸው፤ በዓይኔ ሳላይ ለእነሱ ላትም አልወደድኩም። ትናንት ባለ ሦስት ጭረቱን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። የጻፍሽው ሁሉ እውነት ነው። ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጥራቱ ልክ ነው፣ ጉም ሐውልት ነው። ክንዷን ያጣጠፈችው ራሷ ናት፤ እኔ አላልኳትም።

አዳራሹ ግን ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። በጣት ስፋት። ማሽኑ ተንሸራቶ ሊወድቅ የተነሣ ይመስላል። ካሜራው ላይ ያለችውን የውኃ ልክ አላየኋትም ነበርና አንዱ የማቆሚያ እግር ዝቅ ብሏል። የብሎን ቁጥር የምትቆጥር ልጅ ይህን ሳታይ አትቀርም። «አታሳምሪልኝ» ብዬሽ ነበር። ግድ የለም፤ እኔም አራት ወር አሳምሬልሽ ነበር፣ እኩል ነን።

ላቃናው ብዬ ነበር። ምስሉን አዙሬ ጠርዙን ስለካው ግን ዳር የቆመው ጉም ግማሹ ይቆረጣል። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የረጋን ሰው ማን ይቆርጠዋል? እንዳለ አተምኩት፤ ሠላሳ አንድ ቅጂ። ሲወስዱ አንድም ሰው ምንም አላለም። በመጨረሻ እኔው ለጠራዥዋ «ዘንበል ብሏል» ብላት፣ ዓይኗን ሳታሽ «ወለሉ ድሮም እንደዚያ ነው» አለችኝ። ወለሉ አሁን የለም፤ ማን ሄዶ ይለካል።

አንዱን ፍሬም አስገብቼ ስቱዲዮዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። የፍሬሙን ቀኝ በጣት ስፋት ከፍ አድርጌ ነው የሰቀልኩት። ሰዎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የተጣመመው ፍሬሙ ነው። እናትሽ በመጣች ቁጥር ታቃናዋለች። ስትወጣ እመልሰዋለሁ።

አጎትሽ